ሚስማር ሳይመታ የሚገጠም የመስኮት ወንፊት፦ ለአንዲት የድሬዳዋ እናት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሳቢያን አካባቢ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። የስምንት ወር ሴት ልጅ አለችኝ። ማታ መስኮት ስንከፍት ቢምቢ ይበላናል፤ ስንዘጋ በሙቀት እንታፈናለን። አከራያችን ግድግዳውም መስኮቱም ላይ ሚስማር እንዳትመቱ ብለዋል። መስኮቱ የብረት ነው፤ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። ስስ መጋረጃ በፕላስተር ለጥፌ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ተላቆ ወደቀ። ጎረቤቴ ደግሞ ከጤና ጣቢያ የተሰጠሽን አጎበር ቆርጠሽ አድርጊው ትለኛለች። ቀዳዳው በጣም የደቀቀ ወንፊት ብገዛ ይሻለኛል? ማታ ማታ ብቻ ባደርገውስ ይበቃል?»

አጎበሩን አትቁረጪው። ቀዳዳው በጣም የደቀቀውን ወንፊት አትግዢ። ማታ ብቻ ማድረጉም አይበቃም። ሦስቱንም አንድ በአንድ እመለስባቸዋለሁ። መጀመሪያ ግን ያ መጋረጃ ለምን እንደወደቀ እንይ። (ድሬ ላይ «እርስዎ» ስለማያምር አንቺ እያልኩ ነው የምቀጥለው።)

የፕላስተር ሙጫ ሲሞቅ ይለሰልሳል። የብረት መስኮት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲያገኘው እጅ ያቃጥላል። ብረቱ ላይ የተኛው አቧራ ሙጫው ቀለሙን በደንብ እንዳይዝ ያደርገዋል። በዚያ ላይ ነፋስ ሲመጣ ጨርቁን ይወጥረዋል፤ ጉልበቱ ሁሉ ጥግ ጥጉ ላይ ያርፋል። ስለዚህ መውደቁ አይገርምም። ሊያሳስብሽ የሚገባው ሌላ ነገር ነው። መጋረጃው የወደቀው በሦስተኛው ቀን ይሁን እንጂ መከላከል ያቆመው ከዚያ በፊት ነው። አንድ ጥግ ላይ የጣት ስፋት ያህል ሲላቀቅ ነገሩ አብቅቷል።

ቢምቢ ወንፊት ላይ አርፋ ተስፋ ቆርጣ አትመለስም። የምትከተለው ትንፋሻችንንና የሰውነታችንን ሽታ ነው። ሽታው በየትኛው ክፍተት እንደሚወጣ እየፈለገች መስኮቱን ትዞረዋለች። ሰው ወንፊት ሲገዛ የሚያየው ቀዳዳውን ነው። እኔ ግን ለዓመታት በየቤቱ ካየኋቸው የማይሰሩ ወንፊቶች ውስጥ መረቡ ራሱ ጥፋተኛ የሆነበት ጥቂት ነው። ችግሩ ዳሩ ላይ ነው። ሚስማር በየ20 ሳንቲሙ ተመቶ መሀሉ ሆድ ያወጣ አለ። መስኮቱ እንዲዘጋ ተብሎ አንድ ጎኑ የተተወ አለ። የመስኮቱ መያዣ ዘንግ እንዲያልፍ ተቀዶ የቀረም አለ። ለመለካት የክብሪት እንጨት ያዢ። የክብሪት እንጨት የሚያልፍበት ክፍተት ቢምቢንም ያሳልፋል።

አሁን ወደ ቀዳዳው። ለቢምቢ የሚሆነው የተለመደው የመስኮት ወንፊት በአንድ ኢንች ውስጥ ከ16 እስከ 18 ቀዳዳ ያለው ነው። ሱቅ ውስጥ ኢንች መቁጠር አያስፈልግሽም። የተማሪ ማስመሪያ ይዘሽ ሂጂ። በ1 ሳንቲ ሜትር ላይ 6 ወይም 7 ቀዳዳ ከቆጠርሽ ትክክለኛው እሱ ነው። 4 ብቻ ከሆነ ዝንብ ይከለክላል እንጂ ቢምቢን አይከለክልም። 12 እና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ የአሸዋ ዝንብ የምትባለዋን ከቢምቢ በጣም ያነሰች ነፍሳት ለመከላከል የሚሰራ ነው። እሱን ለቢምቢ ስትገዢ ያለ ጥቅም አየር ትከለክያለሽ።

አየሩ ቀልድ አይደለም። ግንቦትና ሰኔ ላይ የድሬ ቀን ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ግድግዳው የጠጣውን ሙቀት ሌሊቱን ሁሉ ሲተፋው ነው የሚያድረው። ወንፊቱ አየር ካላሳለፈ ምን ይሆናል? እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ሰው ተነስቶ ይገልጠዋል። ሐረር ብትሆኚ ከፍታው 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ የደቀቀውንም ትችይው ነበር። ድሬ ግን ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት። እዚህ የሚበጀው ወንፊት ቤተሰቡ ሳያማርር ተዘርግቶ የሚያድረው ነው።

ማንኛውም ወንፊት የተወሰነ አየር ይቀንሳል፤ ይህን መካድ አልፈልግም። የምትመልሺው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ትይዩ ያሉ ሁለት ክፍተቶችን አብሮ መክፈት ነው። አየር መግቢያ ብቻ ሳይሆን መውጫም ይፈልጋል። አንድ መስኮት ብቻውን ተከፍቶ፣ በር ከተዘጋ፣ ወንፊት ባይኖርም አየሩ አይንቀሳቀስም። ሁለተኛው ወንፊቱን ከመስኮቱ አፍ ሰፋ አድርጎ መስራት ነው። ልክ እንደ ከበሮ ቆዳ ከመወጠር ይልቅ ወደ ክፍሉ ውስጥ እንደ ከረጢት ትንሽ ገባ እንዲል ካደረግሽው የመረቡ ስፋት ይጨምራል፤ በብዙ ቀዳዳ ብዙ አየር ያልፋል። ቬንትሌተር ካለሽ ደግሞ አልጋው ላይ እንዲነፍስ አድርጊው። ቢምቢ ደካማ በራሪ ስለሆነች ነፋስ ውስጥ ማረፍ ይቸግራታል።

ማታ ብቻ ይበቃል ወይ ላልሽው፣ ይህ ጥያቄ ድሬ ላይ ከባድ ታሪክ አለው። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ የደንጊ ትኩሳት፣ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማውን ያዳረሰበትን ጊዜ የሚረሳ የድሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። በቺኩንጉንያው ጊዜ በየሰፈሩ እንደ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው የሚሄዱ ወጣቶች ነበሩ። የእኔም እናት ከበሽታው ከተነሳች በኋላ እንኳ ለብዙ ሳምንታት የጀበናውን እጀታ መያዝ ተስኗት ነበር። ሁለቱንም በሽታ የምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕቲ የምትባለው ጥቁር ትንኝ ናት። እግሯ ላይ ነጭ ቀለበት ቀለበት አላት። የምትናከሰው ደግሞ ቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሳትጠልቅ። ልጅሽ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ትተኛ ይሆናል። መስኮቱ በዚያን ጊዜ ያለ ወንፊት ከተከፈተ የማታው ጥንቃቄሽ ግማሽ ነው።

ማታዋም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለችም። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው የወባ ትንኝ ከእስያ የመጣች ናት። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 እዚህ አገር ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ድሬ ላይ በ2014 ዓ.ም. በበጋው ወር ወባ ሲነሳ ተመራማሪዎች ያያያዙት ከእሷ ጋር ነው። አባቶቻችን ወባ ዝናብን ተከትላ እንደምትመጣ ያውቁ ነበር። ይህችኛዋ ግን ዝናብ አትጠብቅም። በበርሜል፣ በሮቶ፣ በግንባታ ቦታ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። ስለዚህ ወንፊቱ ዓመቱን ሙሉ፣ ቀንም ማታም መስኮቱ ላይ ይዋል።

ጎረቤትሽ ስለ አጎበሩ ያለችው ከደግነት ነው፤ ግን አትስሚያት። አጎበር የሚሰራው የተኛውን ሰው ዙሪያውን ስለሚዘጋ ነው። መድኃኒቱም ሰው ሸትቷት የምትመጣውን ትንኝ እዚያው እንዲያገኛት ተብሎ የተነከረ ነው። መስኮት ላይ ብትወጥሪው ፀሐይ መድኃኒቱን ቶሎ ይጨርሰዋል፤ ልጅሽም ያለ አጎበር ትቀራለች። ወንፊት የአጎበር ምትክ አይደለም። ጋምቢያ ውስጥ የተሰራና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በርና መስኮታቸው እንዲሁም የጣሪያ ሥር ክፍተታቸው በሙሉ በተዘጋ ቤቶች ውስጥ የገባው ትንኝ በ59 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ኮርኒስ ላይ ብቻ ወንፊት የተደረገላቸው ቤቶች ውስጥ 47 በመቶ ቀነሰ። ትልቅ ውጤት ነው። ግን ቁጥሩን በደንብ እዪው፤ መቶ አይደለም። በር ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል ይገባል። የቀሩትን የሚይዘው አጎበሩ ነው። አጎበሩ አርጅቶና ተቀዳዶ ለመኝታ የማይሆን ሲሆን ያኔ ለመስኮት ብታውይው አልቃወምም። የውኃ ዕቃ መክደኛ ግን በፍጹም አታድርጊው፤ መድኃኒት አለበት።

እንዲህ ዓይነት ወንፊት አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ። ጣሊያናዊው ሐኪም አንጄሎ ቼሊ እ.ኤ.አ. በ1899 ሮም አካባቢ የባቡር ሠራተኞች የሚኖሩባቸውን ቤቶች በወንፊት አጥሮ በወባ የሚያዘው ሰው በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳየ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1902 ድሬ በባቡር ሐዲድ ዳር ተቆረቆረች። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። ዕውቀቱ ከከተማችን በዕድሜ ይበልጣል፤ የተሞከረውም ለባቡር ቤተሰቦች ነበር።

የአንቺ ችግር ግን አለመብሳት ነው። ለዚህ ከሁሉ የተሻለ መልስ ያገኘሁት ከጀልባ ላይ ነው። ለሥራ ጅቡቲ በተመላለስኩበት ጊዜ በሸራ ጀልባ ላይ የሚያድሩ ሰዎች ወንፊታቸውን እንዴት እንደሚያደርጉ አይቻለሁ። ጀልባ አይበሳም፤ በተበሳበት ውኃ ይገባል። መቀመጫውም መኝታውም ጠባብ ስለሆነ ወንፊቱ ቶሎ ተነቅሎ የሚታጠፍ መሆን አለበት። ያላቸው ዘዴ ቀላል ነው። ጣሪያው ላይ ላለው መውጫ ከአፉ ሰፋ ያለ መረብ ይቆርጡና ዳሩ ውስጥ ቀጭን ሰንሰለት ይሰፉበታል። መረቡ ዝም ብሎ ከላይ ይጣላል፤ ክብደቱ ራሱ ዳሩን አጣብቆ ይይዘዋል። ጠርዙ ወጣ ላለ መስኮት ደግሞ ዳሩ ላይ ላስቲክ ይገባል፤ ልክ የሴቶች የገላ መታጠቢያ ቆብ ራስ እንደሚይዘው ጠርዙን ይይዘዋል። መረቡን ከጀልባው ጋር የሚያጣብቀው ክብደትና ላስቲክ ብቻ ነው፤ አንድም ሚስማር የለበትም። የጀልባ ነዋሪና ተከራይ ጭንቀታቸው አንድ ነው።

አንቺ ቤት ከሁለቱም የተሻለ ነገር አለ፤ መስኮትሽ ብረት ነው። ብረት ማግኔት ይይዛል። ስለዚህ የምመክርሽ ዳሩ ውስጥ ጠፍጣፋ የማግኔት ጎማ የተሰፋበት ወንፊት ነው። ይህ የማግኔት ጎማ ያረጀ ፍሪጅ በር ዙሪያ ያለው ላስቲክ ውስጥ አለ። ፍሪጅ ጠጋኞች ጋ የተጣለ የበር ላስቲክ ጠይቂ። ላስቲኩን በምላጭ ስትሰነጥቂው እንደ ማስቲካ ጠፍጣፋ የሆነ ጥቁር ጎማ ይወጣል። የአንድ ትልቅ ፍሪጅ በር አንድ የመኝታ ክፍል መስኮት ለመክበብ ይበቃል ወይም ሊበቃ ትንሽ ይቀረዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መስኮቱን ክፈቺና የማይንቀሳቀሰውን የብረት ማቀፊያ ከውስጥ በኩል ለኪ። ወንፊቱ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፤ ተከፋቹ ክፍል ላይ አይደለም። 100 በ120 ሳንቲም ከሆነ መረቡን 110 በ130 አድርገሽ ቁረጪ። መረቡ ከግንባታ ዕቃ ሱቆች በሜትር የሚሸጠው የፋይበር ግላስ ወንፊት ይሁን። የብረት ሽቦው ዝገት አለው፣ ሲታጠፍም ይሰበራል። የሙሽራ ቬሎ ዓይነቱ ስስ ጨርቅ ደግሞ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ቀዳዳው ይሰፋል።

ዙሪያውን የሚይዝ ጠንካራ ጨርቅ ያስፈልግሻል፤ ካኪ ወይም ቴትሮን ይሆናል። በ10 ሳንቲም ስፋት ተቆርጦ ለሁለት ይታጠፍና የመረቡ ጠርዝ መሀሉ ይገባል። እጥፋቱ ውስጥ ማግኔቱ የሚያልፍበት ቦይ እንዲቀር ለልብስ ሰፊው ንገሪው። መረቡን በባዶው አይስፋው፤ ክሩ ይቀደዋል። በሁለት ጨርቅ መሀል ሆኖ፣ ስፌቱ ረዘም ረዘም ብሎ ይሰፋ። ክሩ የፖሊስተር ይሁን፤ የጥጥ ክር ፀሐይ ሲመታው ከርሞ ይበጠሳል። የፋይበር ግላስ የተቆረጠ ጫፍ ቆዳ ያሳክካል፤ ሙሉ በሙሉ በጨርቁ መሸፈኑን በእጅሽ ዳሰሽ አረጋግጪ።

የፍሪጅ ማግኔት አንድ ጠባይ አለው። ከብረቱ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ደህና ይይዛል፤ በመሀል ወፍራም ጨርቅ ሲገባ ግን ይደክማል። ስለዚህ ብረቱ ላይ የሚያርፈው የጨርቁ ፊት አንድ እጥፍ ብቻ፣ ስስ ይሁን። ማግኔቱ በየጥጉ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ሳይቋረጥ ይግባ። በየጥጉ የተደረገ ማግኔት ነፋስ ሲመጣ መሀሉን ይከፍተዋል። ሌላው ነገር ቀለም ነው። አንዳንድ መስኮት በስቱኮ ተደልድሎ፣ ሦስት አራት ጊዜ ቀለም ተቀብቶ ብረቱ ከስር ሩቅ ሆኗል። እዚያ ላይ ማግኔቱ ይንሸራተታል።

ወደ ውጭ የሚከፈት መስኮት ላይ ሰው የሚሰናከለው መያዣ ዘንጉ ጋ ነው። ዘንጉ ከታች ወደ ውስጥ ገባ ስለሚል የተወጠረ መረብ ይነካዋል። ቅድም ያልኩሽ የከረጢት ቅርጽ እዚህ ሁለተኛ ጥቅም አለው። ታችኛው ክፍል ከ8 እስከ 10 ሳንቲም ልል ካለ ዘንጉ ከመረቡ በስተጀርባ ይቀመጣል፤ መቅደድ አያስፈልግም። መስኮቱን መጀመሪያ ክፈቺ፣ ዘንጉን አስገቢ፣ ከዚያ ወንፊቱን ከላይ ጀምረሽ ወደ ታች አጣብቂ። ዝናብ ሲመጣ አንዱን ጎን ላጥ አድርገሽ፣ እጅሽን አስገብተሽ ትዘጊያለሽ፤ መልሰሽ ትለጥፊዋለሽ። የመስኮት ፍርግርጉ ከማቀፊያው ወደ ውስጥ ወጣ ብሎ የተበየደ ከሆነ ወንፊቱን በፍርግርጉ ዙሪያ ባለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ አሳርፊው።

መስኮቱ አልሙኒየም ለሆነባቸው አንባቢዎች ማግኔት አይሰራም። እነሱ ጫማና ቦርሳ ላይ የሚደረገውን፣ ሲላቀቅ ቸርር የሚለውን ተጣባቂ ጨርቅ ይጠቀሙ። ነገር ግን ሙጫ ያለውን ፊት ከመለጠፍ በፊት ማቀፊያውን በሳሙና፣ ቀጥሎም በአልኮል ጠርገው ጠዋት ብረቱ ቀዝቃዛ ሳለ ይለጥፉት፤ አንድ ቀን ሙሉ ሳይነኩ ይተዉት። ይህም ቢሆን በድሬ ፀሐይ ዕድሜው አጭር ነው። የበለጠ የሚቆየው የመብራት ገመድ ከሚገባበት የፕላስቲክ ቱቦ በመስኮቱ ልክ አራት ማዕዘን ሰርቶ፣ መረቡን አልብሶ፣ ዙሪያውን ስፖንጅ ለጥፎ ማቀፊያው ውስጥ ጠበቅ አድርጎ መግፋት ነው።

አሁን ማስጠንቀቂያዎቹን ስሚኝ፤ ቤትሽ የምትድህ ልጅ አለች። ትንንሽ ክብ የሆኑትን የሚያብረቀርቁ ጠንካራ ማግኔቶች በፍጹም አታስገቢ። ጨርቁ ተተርትሮ ሁለቱን ብትውጣቸው አንጀቷ ውስጥ ይሳሳባሉ፤ የአንጀት ግድግዳ ይበሳሉ፤ ይህ ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ነው። የማግኔት ጎማውም ቢሆን የቦዩ ጫፍ ተሰፍቶ ይዘጋ። ለክብደት የዓሣ ማጥመጃ እርሳስም አታድርጊ፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ ሕፃን ደግሞ ያገኘችውን ወደ አፏ ነው የምትወስደው። ወንፊት ልጅ ከመውደቅ አይከለክልም። ሲደገፉት ይላቀቃል፤ ፍርግርግ በሌለው መስኮት ሥር አልጋ አይኑር። ሌላው፣ አየር የሚገባ መስሎሽ ክፍሉ ውስጥ ከሰል ወይም የቢምቢ ጭስ እንዳታጨሺ። ወንፊቱ ጥሩ ከሆነ ጭሱም አያስፈልግሽም።

ወንፊቱ ከተገጠመ በኋላ ፈትኚው። በቀትር መጋረጃውን ሰብስቢ፣ መብራት አጥፊ፣ በሩን ዝጊ። ከዚያ ብርሃን በየት በየት እንደሚገባ ተመልከቺ። ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጠው መስኮቱ አይደለም። የበሩ ሥር ነው፤ የኮርኒሱ ጥግ ነው፤ የሽንት ቤቱ አየር ማስወጫ ነው። የኮርኒስ ቀዳዳ በቁራጭ ጨርቅና ሙጫ ይደፈናል። የበሩ ሥር ቁራጭ ብርድ ልብስ ተጠቅልሎና ተሰፍቶ ሲጎተት በቂ ነው። ማታም ባለቤትሽ ከውጭ በስልክ መብራት በወንፊቱ ዳር ዳር ሲያበራ አንቺ ከውስጥ እዪ። ብርሃኑ ወንፊት ባልሸፈነው ክፍተት ሲያልፍ ፊትሽ ላይ ቦግ ይላል።

በር ከሁሉም ይከብዳል። የጀልባዎቹ ሰንሰለት የሚጠቅምሽ እዚህ ነው። ሁለት የመረብ መጋረጃ ከላይ ከመጋረጃ ዘንጉ ላይ ይንጠልጠሉ፤ መሀል ላይ ቢያንስ 40 ሳንቲም ይደራረቡ። የታችኛው ቅምቅማት ውስጥ ቀጭን ሰንሰለት ይስፋ፤ መሬት ይንካ። ሰው ሲያልፍ ይከፈታል፣ በራሱ ክብደት ተመልሶ ይዘጋል። እንደ መስኮቱ ጥብቅ አይደለም። ቢሆንም ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ በር በብዙ ይሻላል።

ገንዘብሽ ለአንድ ክፍል ብቻ የሚበቃ ከሆነ አትከፋፍይው። የሁለቱንም ክፍል መስኮት በግማሽ ከመስራት መኝታ ክፍሉን እስከ መጨረሻው መዝጋት ይሻላል። መስኮቱ፣ በሩ፣ ኮርኒሱ፣ የበሩ ሥር፤ ሁሉም። ቀን የልጅሽም እንቅልፍ እዚያው ይሁን።

የድሬ አቧራ በአንድ ወር ውስጥ የመረቡን ቀዳዳ ግማሽ ይደፍነዋል። ያኔ «ወንፊቱ አየር ከለከለኝ» ትያለሽ፤ የከለከለሽ አቧራው ነው። በየሦስት ሳምንቱ ነቅለሽ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቢው፤ አትጭመቂው፤ ጥላ ላይ አስጪው። የማይነቀል ወንፊት ታጥቦ አያውቅም፤ የሚነቀለውን የመረጥኩልሽ ለአከራይሽ ብቻ ብዬ አይደለም።

ከተረፈው መረብ የበርሜል ቆብ አሰፊ። ክብ ቁረጪው፣ ዳሩ ላይ ላስቲክ አስገቢ፣ በርሜሉ አፍ ላይ ጠበቅ አድርገሽ አልብሺው። መረቡ ረግቦ ውኃውን እንዳይነካ፤ ከነካ ቢምቢዋ በላዩ ላይ ቆማ እንቁላሏን ትጥላለች። በእኛ ሙቀት ከእንቁላል እስከ በራሪ ለመድረስ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ብቻ ይበቃታል። ስለዚህ በርሜሉ በሳምንት አንድ ቀን ተደፍቶ ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ። መድፋት ብቻውን አይበቃም፤ የኤደስ እንቁላል ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ደረቅ ሆኖ ወራት ይቆያል። ከጎረቤትሽም ጋር አብራችሁ ብታደርጉት ይሻላል፤ የእሷ በርሜል ቢምቢ አንቺ ጋ መምጣቷ አይቀርም።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ልጅሽ ካተኮሳት ወንፊት አለኝ ብለሽ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰጃት፤ የወባ ምርመራ ይደረግላት። የስምንት ወር ልጅ ለማደር የሚሆን ጊዜ የላትም።

መረብም ጨርቅም ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊ። ከፍሪጅ ጠጋኙ የአንድ ስንዝር ቁራጭ ማግኔት ጎማ ለምኚው፤ በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ ቀትር ላይ፣ ብረቱ ሲግል፣ ማቀፊያው ላይ በአራቱም ጎን ለጥፊው። ሳይንሸራተት ከቆየ መረቡን ግዢ። ከተንሸራተተ የፕላስቲክ ቱቦውን ማዕዘን አሰሪ።